ሳታልቅ የተመረቀች መርከብ

*«የጠፈር ወንጀል» ሲባል በጨረር የሚተኩስ ሽፍታ ለሚጠብቅ አንባቢ፣ ይህች ቀልደኛ ልብወለድ የምታቀርብለት ሌባ የሒሳብ ሠራተኛ ነው*

ነገ ምረቃ ነው። ሪባኑ ተወጥሯል፣ ጋዜጠኛ ተጠርቷል፣ ብሌሮንቲን የምትባለው ፕላኔት ሕዝብ መርከቧ ስትነሳ ለማየት ቸኩሏል። በጋላክሲው ውስጥ በውበት አቻ የላትም፣ መቼም አትበላሽም ይባልላታል። የነደፋት ሊዮቪነስ ዝናው የገነነ፣ መግነኑንም ራሱ አሳምሮ የሚያውቅ አዛውንት ነው። በዋዜማው ሌሊት የዕድሜውን ሥራ ለመጨረሻ ጊዜ ሊያይ ብቻውን ወደ ውስጥ ይገባል።

ደጃፉ ያብረቀርቃል። ወደ ጓዳው ዘለቅ ሲል ግን ሥራው ተጀምሮ የተተወ ቦታ ያገኛል፤ በውድ ዕቃ ፋንታ ርካሽ ተተክቷል። ከሁሉ የከፋው የታይታኒያ ነገር ነው። ታይታኒያ የመርከቧ አእምሮ ናት፤ ሊዮቪነስ እንደ ልጁ ይሳሳላታል። እሷም ብትሆን አካሏ ጎድሏል። ይህ የእኛ ተቋራጮች «ፊኒሺንግ ብቻ ነው የቀረው» የሚሉት ዓይነት ጉድለት አይደለም። መርከቧ ሩቅ እንድትደርስ የታሰበች አትመስልም።

አስበውትም አያውቁም። የግንባታው ኃላፊ ብሮቦስቲጎንና የሒሳብ ሹሙ ስክራሊዮንቲስ ገንዘቡ እንዳለቀ ካወቁ ቆይተዋል። የሚያዋጣው መንገድ አንድ ነው ብለው ተማምለዋል፦ መርከቧ በከበሬታ ትመረቅ፣ ከዚያ ሰው በማያይበት ትጥፋ፣ የመድን ካሳው ይከፈል። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመው የቴሪ ጆንስ ልብወለድ «ስታርሺፕ ታይታኒክ» የሚነሳው ከዚህ ነው። ስሙን የሰማ ብዙ ነው፤ የኮምፒውተር ጨዋታውን የሚያስታውስ ጎልማሳም አይጠፋም። ከቀልዱ ሥር ያለው ግን ጥንታዊ የባሕር ወንጀል መሆኑን ልብ ያለ አንባቢ ጥቂት ነው።

## በሌላ ዛፍ ላይ የበቀለ

ከፊልም፣ ከቴሌቪዥን ድራማ ወይም ከኮምፒውተር ጨዋታ ጋር አብሮ እንዲሸጥ ተብሎ የሚጻፍ ልብወለድ አለ። በአማርኛ ተቀጽላ ብንለው ያስኬዳል። ተቀጽላ በሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ ከዚያው ዛፍ ጭማቂ የሚጠጣ ተክል ነውና።

ልማዱ አዲስ አይደለም። የ«ኪንግ ኮንግ» ልብወለድ ለገበያ የቀረበው ፊልሙ ሳይታይ በ1932 ነበር። «ስታር ዋርስ»ም ሲኒማ ቤት ከመድረሱ በፊት፣ በ1976፣ መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው የዳይሬክተሩ የጆርጅ ሉካስ ስም ሲሆን፣ ጸሐፊው ግን አለን ዲን ፎስተር ነው። የዚህ ሙያ ሰዎች ኑሯቸው ይኸው ነው፦ ታሪኩ የሌላ፣ ገጸ ባሕርያቱ የሌላ፣ አንዳንዴ ስሙም የሌላ፤ የእነሱ የሚሆነው የማስረከቢያው ቀን ብቻ ነው።

በእኛ ዘንድ መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» መጀመሪያ መጽሐፍ ሆኖ ኋላ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሬዲዮ ላይ ወጣ። ለዚህም ይመስላል መጽሐፍ ከሌላ ነገር ተወለደ ሲባል አንባቢ አፍንጫውን የሚነፋው። የሥነ ጽሑፍ መምህራን ተቀጽላውን «ማስታወቂያ ነው» ብለው ያልፉታል። አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡ ሰዎች ሌላ ነገር ይነግሩናል፤ ፊልሙ ከተረሳ፣ ጨዋታው የሚሠራበት ኮምፒውተር ከተጣለ በኋላ፣ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ አለ። ዛፉ ሲደርቅ ተቀጽላው ለምልሞ የሚታይበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

## አንድ አንቀጽ የወለዳት

መርከቧን መጀመሪያ ያሰባት ጆንስ አይደለም። እንግሊዛዊው ዳግላስ አዳምስ በ1978 ለቢቢሲ ሬዲዮ በጻፈው የጠፈር ቀልድ ተነሳ፤ በማግሥቱ ዓመት ያንኑ ወደ ልብወለድ ገለበጠው። ያም ተቀጽላ ነበር ማለት ነው፤ ኋላ ግን የዓለም ዝና ያገኘው መጽሐፉ ነው። አዳምስ ጽሑፉን አዘግይቶ አዘግይቶ፣ አሳታሚዎቹ ትዕግሥታቸው ሲያልቅ፣ የያዘውን ገጽ ጨርሶ እንዲሰጣቸው እንዳዘዙት ራሱ ያወራ ነበር። መጽሐፉ ድንገት የሚያልቀው ስለዚህ ነው።

በ1982 ባሳተመው የዚያው ታሪክ ሦስተኛ መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንዲት ግዙፍ የጠፈር መርከብ ባለፍ ገደም ያነሳል። መሐንዲሶቿ አደጋ እንዳይደርስባት ሲሉ፣ ብልሽትን ከመጠን በላይ «የማይመስል ነገር» የሚያደርግ መሣሪያ ገጠሙባት። በዚያ ዓለም ግን እጅግ የማይመስል ነገር ወዲያው የመሆን አመል አለው። መርከቧ የመጀመሪያውን የድረሱልኝ መልእክት እንኳ ሳትጨርስ ከመኖር ወደ አለመኖር ተሻገረች። ነገሩ በአንድ አንቀጽ አለቀ።

ከዓመታት በኋላ አዳምስ ከባልደረቦቹ ጋር «ዲጂታል ቪሌጅ» የተባለ ኩባንያ አቋቁሞ ያችን አንቀጽ የኮምፒውተር ጨዋታ ሊያደርጋት ቆረጠ። አሳታሚው ጨዋታውና ልብወለዱ ጎን ለጎን እንዲወጡ ፈለገ። አዳምስ ሁለቱን ባንድ ጊዜ የሚችል ሰው አልነበረም፤ ከዚያ ቀደም አንዱን መጽሐፍ ያስጨረሰው አርታዒው ሆቴል ውስጥ አብሮት ከርሞ ነው። ስለዚህ ወዳጁን ቴሪ ጆንስን ለመነ። ጆንስ የሞንቲ ፓይተን የቀልድ ቡድን አባል፣ የ«ላይፍ ኦፍ ብራያን» ዳይሬክተር፣ በዚያ ላይ ስለ ቻውሰር ዘመን የጻፈ የታሪክ ሰው ነበር። ለጨዋታው በቀቀን ሆኖ ድምፁን ሰጥቶ ነበርና መርከቧን ወዷታል። እሺ ያለውም ራቁቱን እንዲጽፍ ከተፈቀደለት ብቻ እንደሆነ አዳምስ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ይተርካል። ሌላው ዓለም ለጸሐፊ ቢሮ ሲያመቻች፣ ይህ ሰው ልብስ መተውን በውል አስገባ።

> ስለ ጥድፊያ የተጻፈ መጽሐፍ በጥድፊያ ተጻፈ፤ ደግነቱ እንደ መርከቧ አልጠፋም።

ልብወለዱ በጥቂት ሳምንታት አልቆ በ1997 ወጣ። ጨዋታው ግን ዘገየና በ1998 ሚያዝያ ላይ ደረሰ። የጀምስ ካሜሮን «ታይታኒክ» ፊልም ሲኒማ ቤቶችን ያጥለቀለቀው በዚሁ መካከል ነው። ዓለም ስለ አንዲት መርከብ መስጠም ሲያለቅስ፣ ሁለት ብሪታኒያውያን በስሟ ሞክሼ እያሳቁ ነበር።

በአንቀጿና በልብወለዱ መካከል የተለወጠውን ልብ እንበል። በ1982 መርከቧን ያጠፋት የሳይንስ ዕብሪት ነው። በ1997 ያ ብቻ አልበቃም፤ የሐሰት ሒሳብ ተጨመረበት። አደጋ የነበረው ወንጀል ሆነ።

## ሦስተኛ ማዕረግ

በምረቃው ቀን መርከቧ ትነሳለች፣ ትንገዳገዳለች፣ በሕዝቡ ፊት ትሰወራለች። የምትገለጠው በእንግሊዝ አገር፣ ዳንና ሉሲ የሚባሉ ጥንዶች ሆቴል ሊያደርጉት ያሰቡት አሮጌ የቄስ ቤት ላይ ነው፤ በአፍንጫዋ ቤቱን ደርምሳ ትቆማለች። ጥንዶቹ ኔቲ ከምትባል ወጣት ጋር ይሳፈራሉ። መርከቧ ሦስቱን ይዛ ትነሳለች።

ውስጥ የሚቀበሏቸው ሮቦቶች ጨዋነታቸው ተወዳዳሪ የለውም፤ ጥቅማቸው ግን እንጃ። ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች «እርዱን» ሲሉ፣ አስተናጋጆቹ የሚያሳስባቸው ቲኬታቸው ነው። ሦስተኛ ማዕረግ ናችሁ፤ ይህ በር ለእናንተ አይከፈትም። መርከቧ እየተበላሸች፣ እንድትጠፋ የተጠመደባት ቦምብ እየቆጠረ፣ ማዕረግ ግን አይነካም። የእውነተኛዋን የታይታኒክ ታሪክ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ሳቁ ይቋረጥበታል። በ1912 ሚያዝያ ሌሊት 1,500 ያህል ሰው ሲያልቅ፣ የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ የመትረፍ ዕድሉ ከአንደኛው ማዕረግ እጅግ ያነሰ ነበር።

ጨዋታውም የተሠራው በዚሁ ላይ ነው። ተጫዋቹ በኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ሮቦቶቹን በጽሑፍ ያዋራቸዋል፤ እነሱ በተዋናዮች ድምፅ ከተቀረጹ ከ10 ሺህ በላይ አባባሎች መርጠው ይመልሱለታል። ዛሬ ከኮምፒውተር ጋር ማውራት ብርቅ አይደለም፤ ያኔ ግን ትልቅ ድፍረት ነበር። በወጣትነታቸው የተጫወቱት ሰዎች ሁለት ዓይነት ትዝታ አላቸው። አንዳንዶቹ የዚያን ጊዜውን ሳቅ ይናፍቃሉ፤ ሌሎቹ ሊፍት የሚጎትተውን ነዝናዛ ሮቦት ሲያስታውሱ አሁንም ይናደዳሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሮቦቱ የተቀረጸው መንግሥት መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ «ነገ ተመለስ» በሚለው ሰው መልክ ነው።

## ሻንጣቸውን ሸክፈው የሰመጡ መርከበኞች

የብሮቦስቲጎንና የስክራሊዮንቲስ ዘዴ በጠፈር ልብስ ይምጣ እንጂ ወደቦች ሁሉ ያውቁታል። በባሕር መድን የሠሩ ሰዎች ሕጉን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግሩሃል፦ ተንሳፋ ከምታስገኘው ይልቅ ሰጥማ የምታስገኘው የሚበልጥ መርከብ ብዙ ዕድሜ የላትም።

በ1980 ጥር «ሳሌም» የተባለች የነዳጅ ጫኝ መርከብ ከሴኔጋል ዳርቻ ራቅ ብላ ሰመጠች። የተጫነችው ነዳጅ አብሯት ጠፋ ተባለ። መርከበኞቹን ያነሳች ሌላ መርከብ ግን ግራ ተጋባች። «ድንገት» ከሰመጠች መርከብ የወጡት ሰዎች ሻንጣቸውን ሸክፈዋል፣ ሳንድዊች ይዘዋል፤ የመርከቧን መዝገብ ግን ማትረፍ አልቻልንም ይላሉ። በኋላ እንደተገለጠው ነዳጁ አስቀድሞ፣ ማዕቀብ ተጥሎባት ለነበረችው ደቡብ አፍሪካ በድብቅ ተሸጦ ነበር። ይህን ቴሪ ጆንስ ጽፎት ቢሆን ተጋነነ እንለው ነበር።

የ«ሉኮና» ታሪክ ግን አያስቅም። በ1977 ጥር ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከ12 መርከበኞቿ 6ቱን ይዛ ሰመጠች። ጭነቷ የዩራኒየም ማጣሪያ ፋብሪካ ነው ተብሎ በከፍተኛ ገንዘብ መድን ተገብቶለታል። ባለጭነቱ ኡዶ ፕሮክሽ በቪየና የታወቀው የዴሜል ኬክ ቤት ባለቤት፣ የሚኒስትሮች ወዳጅ ነበር። ጉዳዩ ለዓመታት ተዳፈነ። እሳቱን የጫረው ሐንስ ፕሬተርኤብነር የተባለ ጋዜጠኛ በ1987 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ፕሮክሽ ከአገር ሸሸ፤ ፊቱን በቀዶ ሕክምና አስለውጦ ሲመለስ ቪየና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተያዘ። የኦስትሪያ ፓርላማ አፈ ጉባኤና የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ዳኞቹ ጥልቁን ባሕር አስፈልገው ስብርባሪውን አስገኙ፤ ያሰጠማት ቦምብ እንደሆነም ታወቀ። ፕሮክሽ በ1992 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

> ተንሳፋ ከምታስገኘው ይልቅ ሰጥማ የምታስገኘው የሚበልጥ መርከብ ብዙ ዕድሜ የላትም።

ጆንስ ከነዚህ ቀዳ ለማለት አይደለም። የሒሳብ ሹሙን ወደ ጠፈር ሲያወጣው ግን አንዲት ነገር እንኳ መለወጥ አላስፈለገውም። ሩቅነት ለዚህ ወንጀል መሣሪያው ነው። ባሕር ምስክር አያስቀርም፤ ጠፈር ደግሞ ከባሕርም ይሰፋል።

## ዳኛው የማን ነው?

የሰማይ መርከብ ቤትህ ላይ ብትወድቅ ማንን ትከሳለህ? ጥያቄው እንደሚመስለው የዘበት አይደለም። በ1967ቱ የጠፈር ስምምነት መሠረት መንኮራኩር በተመዘገበበት አገር ሥልጣን ሥር ነው። በ1972 የወጣው ሌላ ስምምነት ደግሞ ከጠፈር ወርዶ ምድር ላይ ጉዳት ላደረሰ ነገር፣ ጥፋት ኖረም አልኖረም፣ ያመጠቀው አገር ይክሳል ይላል።

ተሠርቶበታልም። በ1978 የሶቪየት ሳተላይት ኮስሞስ 954 ከነኒውክሌር ማብላያው ሰሜን ካናዳ ላይ ተበታተነ፤ ሞስኮ በ1981 3 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ከፈለች። በ1979 የአሜሪካው ስካይላብ ምዕራብ አውስትራሊያ ላይ ሲረግፍ፣ የኤስፐራንስ አካባቢ አስተዳደር ናሳን «ቆሻሻ በመጣል» 400 ዶላር ቀጣው። ቅጣቱ በ2009 ተከፈለ፤ የከፈለው ግን ናሳ ሳይሆን ከአድማጮቹ ገንዘብ ያሰባሰበ የሬዲዮ አቅራቢ ነው። በ2024 መጋቢት ደግሞ ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከተጣለ የባትሪ ጭነት የተረፈ ብረት፣ ፍሎሪዳ ውስጥ የአንድ ቤት ጣሪያ በስቶ ገባ። ዳንና ሉሲ ያልነበራቸው እንዲህ ያለ የካሳ መብት ነው፤ ብሌሮንቲን ስምምነቱን አልፈረመችም።

ጠፈር ላይ ስለሚሠራ ወንጀልም ሕግ አለ። በጣቢያው ላይ የሚያጠፋ ሰው በመሠረቱ በዜግነቱ አገር ይዳኛል። ጣቢያው ላይ ከተፈጸሙ ወንጀሎች የመጀመሪያው ተብሎ በ2019 የተናፈሰው ክስ የግድያም የዘረፋም አይደለም፤ አንዲት ጠፈርተኛ ከዚያው ሆና የቀድሞ የትዳር ጓደኛዋን የባንክ ሒሳብ ከፍታለች የሚል ነበር። ሲጣራ ጠፈርተኛዋ ነጻ ሆነች፤ ሐሰት በመናገር የተከሰሰችው ከሳሽዋ ናት። እዚህም የሒሳብ መዝገብ።

መድኑስ? እሱም ከምድር ተነስቶ ወጥቷል። በ1984 መጀመሪያ ሁለት ሳተላይቶች ከታሰበላቸው ምሕዋር ሳይደርሱ ቀሩ፤ መድን ሰጪዎች ካሳውን ከፈሉ። በዚያው ዓመት ኅዳር ዲስከቨሪ መንኮራኩር ሄዳ ሁለቱንም ለቅማ አመጣቻቸው። ከሥራው በኋላ ጠፈርተኞቹ እዚያው ባዶው ሰማይ ላይ እንደ ተንሳፈፉ «የሚሸጥ» የሚል ሰሌዳ ይዘው ፎቶ ተነሱ። አዳምስና ጆንስ ከዚህ የበለጠ ምን ሊያክሉ ይችላሉ?

## ቁጥሩ የጠፋበት ቦምብ

መርከቧ ላይ የተጠመደው ቦምብ ይናገራል። ከ1,000 ወደ ታች ይቆጥራል። ነገር ግን ወሬ ይወዳል። ሰው ካዋራው ቁጥሩ ይጠፋበትና እንደገና ከ1,000 ይጀምራል። በጨዋታው ድምፁን የሰጠው ጆን ክሊስ ነው፤ ትዕግሥቱ ያለቀ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ይመስላል።

መጽሐፉ እንከን የለውም ማለት አይቻልም። የአዳምስ ወዳጆች የእሱን ዓረፍተ ነገር ፈልገው ሲያጡት ያኮርፋሉ። አዳምስ ሐሳብን ገልብጦ የሚያስቅ ሰው ነው፤ ጆንስ ደግሞ እንደ መድረክ ተዋናይ በሩጫ፣ በመደናቀፍ፣ በአልጋ ላይ ግርግር ያስቃል። ገጸ ባሕርያቱ ስስ ናቸው፣ መጨረሻውም ይጣደፋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ጥድፊያው እዚህም እዚያም ይታያል። ያችን የቦምብ ትዕይንት ግን ያነበበ አይረሳትም።

ለምን እንደማትረሳ ለማወቅ ወደ ዋዜማው መመለስ ነው። ሪባኑ ተወጥሮ፣ ሁሉም ሊያጨበጭብ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ «ጋዜጠኛው» ተብሎ ብቻ የሚጠራ አንድ ሰው ለሊዮቪነስ ደስ የማይል ጥያቄ አቅርቦለት ነበር። ስለ ሥራው ጥራትና ስለ ያሳካ። ያሳካ የእጅ ጥበበኞች ፕላኔት ናት፤ ኢኮኖሚዋ የደቀቀው በዚህችው መርከብ ግንባታ ነው። ታላቁ ነዳፊ በንቀት አለፈው። በማታው ግን ጥያቄው ነው እግሩን ወደ ጓዳው የመራው። የ«ሉኮና»ንም ምስጢር ከባሕር ወለል ያወጣው ክሬን አይደለም፤ አንድ ሰው «ጭነቱ ምን ነበር?» ብሎ መጠየቁን አለመተዉ ነው።

> ስለ ሪባኑ ብቻ የጠየቀ ጋዜጠኛ ወደ ጓዳው አይገባም።

ሉሲና መርከቧ ላይ የተገኘው ያው ጋዜጠኛ ከቦምቡ ፊት ቆመው የሚያደርጉትም ይኸው ነው። ሽቦ የሚቆርጥ ጀግና የለም። መሣሪያ የያዘም የለም። ያወሩታል፣ ይጠይቁታል፤ ቁጥሩ ይጠፋበታል፤ ይናደድና ከ1,000 ይጀምራል። 999። 998። ጸጥታ እንደሰፈነ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?»